ከጾሙ በፊት የሚከፈል ዕዳ

በመካከለኛው ጃቫ፣ በቦዮላሊ ግዛት፣ ቼፖጎ የሚባል ወረዳ አለ። በመራፒ እሳተ ገሞራ ምሥራቃዊ ተረተር ላይ የተቀመጠ ደጋ ነው። ሰዉ ጎመንና ካሮት ያመርታል፣ የወተት ላም ያረባል፣ ማታ ማታ ሹራብ ይደርባል። አብራኝ የተማረች ወዳጄ የትውልድ መንደር እዚያ ነው። በ2016 የካቲት አጋማሽ ላይ እናትና አያቷ ቤት በእንግድነት ስገባ ረመዳን ሊገባ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር።

እኔ ያደግኩት ደሴ ነው። ረመዳን ሲቃረብ በእኛ ቤት ቀድሞ የሚሰናዳው ጓዳው ነው፦ የሹርባው እህል ይፈተጋል፣ በርበሬው ይፈጫል፣ ተምሩ ይሸመታል። ቼፖጎም ጓዳው መሰናዳቱ አልቀረም፤ ግን ተራው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ዕዳ ይታያል፤ የሙታን፣ የጎረቤት፣ የአላህ።

ጃቫዎች ሸዕባንን ሩዋህ ይሉታል። የማታራሙ ሱልጣን አጉንግ እ.ኤ.አ. በ1633 ጥንታዊውን የሳካ ዘመን አቆጣጠር ከሂጅራው ጋር ሲያዋህድ የዓመቱን ቁጥር እንደነበረ ትቶ ወሮቹን በጨረቃ እንዲሄዱ አደረገ። ሩዋህ ሙታን የሚታሰቡበት ወር ሆነ። በቼፖጎ ሳድራናን የሚባለው ቀን የሚውለው በዚህ ወር ነው። ጃካርታ የሚሠሩ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ለዚያ ቀን ይመጣሉ፤ ከዒዱ ይልቅ ሳድራናን ይደምቃል ሲሉም ሰምቻለሁ።

ጠዋት ወንዶቹ ማጭድ ይዘው የመቃብሩን ሣር አጨዱ። ከዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ ቴኖንግ ይዞ መጣ፤ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ክዳን ያለው፣ ትንሽ መሶብ የሚመስል ዕቃ ነው። በውስጡ ሩዝ፣ ሙሉ ዶሮ፣ በሩዝ ዱቄት የተጋገረ አፔም፣ ፍራፍሬ አለ። ሰዉ በመቃብሩ መንገድ ግራና ቀኝ ምንጣፍ ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ያሲን ተቀራ፣ ዚክር ተደረገ፣ ኢማሙ ዱዓ አደረጉ። ዱዓው እንዳበቃ ክዳኑ ሁሉ ተከፈተ፣ የትኛው ምግብ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጠፋ። ከመቃብሩ መልስ ደግሞ ቤት ለቤት መዞር ነው። በየደረሱበት ይበላል፤ አልበላም ማለት ባለቤቷን ማስቀየም ነው።

ይህ ነገር እዚያም ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1912 አሕመድ ዳህላን ዮግያካርታ ውስጥ የመሠረቱት ሙሐመዲያ፣ መቃብር መዘየር ሱና ቢሆንም ቀን ተቆርጦለት፣ ድግስ ተደርጎበት መሆኑን አይወድም። እ.ኤ.አ. በ1926 ሱራባያ ላይ የተመሠረተው ናህደቱል ዑለማ ግን ልማዱን ይደግፋል። የወሎ ልጅ ነኝና ይህን ክርክር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ዳኛ ልሆንበትም አልፈልግም። ልነግራችሁ የምፈልገው የወዳጄ አያት፣ ሁሉም ምባህ የሚሏቸው ሴት፣ በባላቸው መቃብር አጠገብ ስላደረጉት ነው። አረሙን በእጃቸው እየነቀሉ ጣታቸውን ይቆጥራሉ። ዚክር መስሎኝ ነበር። ቤት ስንገባ ወዳጄ ነገረችኝ፦ ባላቸው ከመሞታቸው በፊት በነበረው ረመዳን፣ በማይድን ሕመም ተኝተው ሳይጾሙ የቀሩትን ቀን እየቆጠሩ ነበር።

በማግሥቱ ኩሽና ውስጥ ሩዝ መስፈር ተጀመረ። እንደ ሻፊዒ መዝሀብ፣ የማይድን በሽተኛ ለቀረበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙድ እህል ለድሃ ይሰጣል፤ ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። ምባህ በጥርብ የኮኮናት ቅል ይሰፍራሉ፣ አፉን በመዳፋቸው ይደመድማሉ፣ ወደ ላስቲክ ከረጢት ይገለብጣሉ። ከደመደሙት ላይ ፍሬ ሲረግፍ ለቅመው ወደ ከረጢቱ ይመልሱታል እንጂ ወደ ጆንያው አይመልሱትም። የልጅ ልጃቸው በሚዛን ልመዝነው ቢል አልፈቀዱም፤ «ሚዛን ልክ ያደርገዋል፤ እኔ ከልክ በላይ እንዲሆን ነው የምፈልገው» አሉ። ከዚያ ከረጢቶቹ በልጆች እጅ ወደ ድሆቹ ቤት ሄዱ።

ቀዳ፣ ማለትም ከረመዳን የቀረን ጾም በሌላ ቀን መክፈል፣ በአብዛኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። አዒሻ (ረ.ዐ.) ከረመዳን የቀረባቸውን ጾም የሚከፍሉት በሸዕባን እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከረመዳን ውጭ የሸዕባንን ያህል የሚጾሙት ወር አልነበረም፤ ኡሳማ ኢብን ዘይድ ምክንያቱን ሲጠይቋቸው፣ በረጀብና በረመዳን መካከል ያለ፣ ሰዎች የሚዘነጉት ወር መሆኑን ነግረዋቸዋል። በዚያ ቤት ወሩ አልተዘነጋም። ወዳጄ፣ እናቷ፣ ከጃካርታ የመጣችው እህቷ፣ ሁሉም ያለባቸውን ቀን ያውቃሉ፤ ጠዋት አንዷ ቡና ስትተው ሌላዋ ጣልቃ ገብታ አትጠይቅም። እኔም ያልከፈልኩት ነበረብኝና ከነሱ ጋር ጀመርኩ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የምባህና የጎረቤታቸው ነገር ነው። ባለፈው በጋ በመስኖ ቦይ ተጋጭተው ተኮራርፈው ከርመዋል። ጎረቤቲቱ የልጃቸው እኩያ ናት። በጃቫ ሥርዓት ታናሽ ነው ወደ ታላቅ ሄዶ፣ ተንበርክኮ፣ እጅ ይዞ ይቅርታ የሚጠይቀው። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ምባህ ጃንጥላቸውን ይዘው ቁልቁል ወረዱ። እኔና ወዳጄ ተከተልናቸው። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ስታያቸው ደነገጠች፤ ከእሳቸው ከፍ ብላ ላለመታየት ወዲያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ምባህም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና፣

«ውሃውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጎመንሽ ሲደርቅ እያየሁ ዝም አልኩ። ረመዳን ሳይገባብን አውፍ በይኝ» አሏት።

«ኧረ ምባህ፣ መምጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ!»

«ያጠፋሁት እኔ ሆኜ አንቺ እንዴት ትመጫለሽ?»

ሻይ ቀረበ። ወሬው ወደ ወተት ዋጋ ዞረ፣ ጎረቤቲቱ ልትወልድ የደረሰች ላም እንዳለቻት ተናገረች፣ አመሸን።

በእኛም አገር ረመዳን ሲገባ አውፍ መባባል አለ። ዛሬ ዛሬ ግን በስልክ ነው፤ አንድ ያማረ ጽሑፍ ከአንዱ ተቀብለን ለስልካችን ሰው ሁሉ እንልካለን። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የተላከ አውፍታ፣ ውሃ የዘጋንበትን ሰው ለይቶ አይደርሰውም። የበደልነውን ነገር ስሙን ጠርቶ መናገር ነው የሚከብደው፤ ምባህ «ውሃውን ያዞርኩት እኔ ነኝ» ያሉት ለዚህ ነው። ዒድ ላይ ይደረሳል የሚልም አለ። ጃቫዎች በዒድም ይቅር ይባባላሉ፤ ቂም ይዞ ሠላሳ ቀን መጾም ግን ምን ይረባል? ሐሰትን ያልተወ ሰው ምግቡንና መጠጡን በመተዉ አላህ ጉዳይ እንደሌለው ነቢዩ ተናግረዋል። ሆድ የሚጾመው ንጋት ላይ ተነስቶ ነው፤ ልብ ግን ሳምንታት ቀድሞ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሸዕባን 29ኛ ቀን እሑድ ሲሆን ወጣቱ ሁሉ ለፓዱሳን ወጣ፤ ለረመዳን ዋዜማ በምንጭ ውሃ መታጠብ ነው። ቦዮላሊ ውስጥ ለዚህ ስሙ የተጠራው ፔንጊንግ ነው፤ የሱራካርታው ንጉሥ ፓኩቡዎኖ 10ኛ ይታጠብባቸው የነበሩ ምንጮች ያሉበት። ውሃው ብርድ ነው፣ ሕዝቡ ግፊያ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበጥሳል። ወንድና ሴት መቀላቀሉን የሚቃወሙ ዑለማዎች አሉ፤ እኔም እግሬን ብቻ ነክሬ ተመለስኩ።

ያን ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። የኢንዶኔዥያ ሃይማኖት ሚኒስቴር ከየደሴቱ የመጣውን የጨረቃ እይታ ሰምቶ ረመዳን የሚገባበትን ቀን ያውጃል። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የሚጠቀምበት መስፈርት፣ ጨረቃዋ ከአድማስ ቢያንስ 3 ዲግሪ ከፍ እንድትል፣ ከፀሐይም 6.4 ዲግሪ እንድትርቅ ይጠይቃል። ያን ዕለት በመላው አገሪቱ ከፍታዋ 1 ዲግሪ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ጾሙ መጋቢት 3፣ ማክሰኞ እንዲገባ ታወጀ። በሒሳብ የሚሄደው ሙሐመዲያ ደግሞ በዚያን ጊዜ ጨረቃዋ ከአድማስ በላይ መዋሏ ይበቃው ነበርና ሰኞ እንደሚጀምር ወራት ቀድሞ አሳውቆ ነበር። ደሴ ያሉት ወላጆቼም ሰኞ ጀማሪዎች ናቸው። እኔ ያረፍኩበት ቤት ማክሰኞን ይጠብቃል።

ከማን ጋር ልጹም ብዬ ስጨነቅ ምባህ ቀለል አድርገው መለሱልኝ። የሸዕባንን 30ኛ ቀን በጥርጣሬ ረመዳን ነው ብሎ መጾም አይፈቀድም፤ ቀዳ ላለበት ግን ችግር የለውም። «ያለብሽን ነገ ክፈይ፤ ማክሰኞ ከኛ ጋር ረመዳንን ትጀምሪያለሽ» አሉኝ። ለቀዳዬ ነይቼ አደርኩ።

ሰኞ ከቤተሰቡ የጾምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ግድግዳ የሚያዋስኑን መምህር ሙሐመዲያ ናቸው፤ ምባህ እነሱ የሚጾሙበትን ቀን አስበው ልጆቹን ውጭ እንዳይበሉ ከለከሏቸው፣ መጥበሻውንም ከዙህር በፊት አላስጣዱም። ሊመሽ ሲል የመምህሩ ሚስት በአጥሩ ላይ ሙዝና ስኳር ድንች በኮኮናት ወተት የተቀቀለበት ኮላክ በሳህን አቀበለችን። «ለጾመኛዋ እንግዳ» አለች። የምባህ ልጅ ሳህኑን ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብላ ካሮት ሞላችበት። እኔ በኮላኩ ሳፈጥር እነሱ ለመጀመሪያው ተራዊሕ ውዱእ ያደርጉ ነበር፤ መምህሩ ቤት ደግሞ ለሁለተኛው።