የጎረቤት ሚስት

ቄስ ስቴፈን ባችለር ሰማንያ ዓመት ገደማ በሆናቸው ጊዜ የጎረቤታቸውን ሚስት ለዝሙት ጠየቋት። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1641 አካባቢ ነው። ስፍራው ሐምፕተን ትባላለች፤ ዛሬ በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ግዛት ያለች ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ ግን እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች በ1638 በአትላንቲክ ዳርቻ የቆረቆሯት፣ በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሥር የምትተዳደር ትንሽ መንደር ነበረች። ከቆርቋሪዎቿ ቀዳሚው እኒሁ ቄስ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኗ እረኛም እሳቸው፤ ሚስትም ነበረቻቸው። የጎረቤት ሚስት እሺ አላለችም። ሄዳ ለባሏ ነገረችው።

ታሪኩን ያቆየልን ቅኝ ግዛቱን በአገረ ገዥነት ደጋግሞ ያስተዳደረው ጆን ዊንትሮፕ ነው። በዕለት ማስታወሻው የሰውየውን ስም፣ ዕድሜ፣ ማዕረግ፣ በእንግሊዝ አገር ከጳጳሳት እጅ የተቀበሉትን መከራ ሳይቀር አስፍሯል። የሴቲቱን ስም አልጻፈውም። የጎረቤት ሚስት ናት፤ በቃ። አማርኛችንም አያግዛትም፤ ለአዛውንትና ለካህን «እሳቸው» ይላል፤ እኔም እንደ ልማዱ እላለሁ። ለእሷ የምሰጣት ማዕረግ ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

የሰውየው መከራ የፈጠራ አልነበረም። ባችለር በኦክስፎርድ የተማሩ፣ ከ1587 ጀምሮ በደቡብ እንግሊዝ በአንዲት አጥቢያ ያገለገሉ፣ በ1605 ደግሞ ለመንግሥቲቱ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንገዛም ካሉት ጋራ ከአገልግሎታቸው የተነቀሉ ሰው ናቸው። በ1632፣ ሌላው ሰው የልጅ ልጆቹን ይዞ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ፣ ባሕር ተሻግረው መጡ። ስለ ሃይማኖቱ ቤቱን ያጣ ሰው በምእመናን ዓይን ትልቅ ሀብት አለው፤ ቃሉ ከሌላው ቃል ይከብዳል። ይህን ክብደት እሳቸውም አሳምረው የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ሴቲቱን በጠየቋት ጊዜ፣ ነገሩ ቢወጣ እንደሚክዱ አስቀድመው ነግረዋት ነበርና።

እንዳሉትም ካዱ። ከመካድም አልፈው ሴቲቱንና ባሏን «ስሜን አጠፉ» ብለው ለዳኞች ከሰሱ።

እስኪ፣ አንባቢ ሆይ፣ አንድ አፍታ በባልና ሚስቱ ቤት እንቀመጥ። በማሳቹሴትስ በሰንበት ከጸሎት ቤት መቅረት በሕግ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ሰንበት ሲመጣ ተነሥተው ይሄዳሉ። መንደሩ ትንሽ ነው፤ ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ ነው። ቃለ እግዚአብሔርን ከሚያስተምሩት ሁለት ካህናት አንዱ ከሳሻቸው ናቸው። ባልየው ሚስቱን አምኖ አብሯት ቆመ፤ ስለ እሱም ከዚህ በላይ የተጻፈ የለም። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ወንዶች ሁሉ እሱን አብልጬ ወደድሁት።

የኒው ኢንግላንድ ፒዩሪታኖች ጳጳስ አልነበራቸውም። እያንዳንዷ አጥቢያ እረኛዋን ራሷ ትመርጣለች፣ ቢያጠፋም ራሷ ትሽራለች። ሥርዓቱ የተቀዳው ከማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ነው፤ መጀመሪያ ለብቻ መምከር፣ ቀጥሎ በምስክሮች ፊት፣ አልመለስ ካለ ለማኅበሩ ማሳወቅ፣ በመጨረሻም ማውገዝ። ድምፅ የሚሰጡት በአብዛኛው ወንዶች አባላት ነበሩ። የሐምፕተን ማኅበርም ሽማግሌውን ጠርቶ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም በክህደታቸው ጸኑ።

የጌታ እራት የሚቀርብበት ቀን ግን ደረሰ። ማንም ሳያስገድዳቸው ተነሥተው ተናዘዙ። ሴቲቱን መጠየቃቸውን፣ እሺ ብትላቸው ኖሮ ከመፈጸም እንደማይመለሱ ጭምር ተናገሩ፤ አለቀሱም። ሕዝቡ ልቡ ተነካ። ምንም ሳይል፣ በዝምታ ይቅር አላቸው፤ ከአንዱ ኅብስት አብረው ቆረሱ።

ይህ ዝምታ ብዙ ሌሊት አብሮኝ አድሯል። ውብ ነው፤ ግጥም የሚሞክር ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ትዕይንት ያስጎመጀዋል። ነገር ግን የዕለት እንጀራዬን የማገኘው በባንክ ቤት መዝገብ ላይ ተቀምጬ ነውና ሌላም ነገር ይታየኛል። በእኛ ሥራ የተበላሸ ብድር ይሰረዛል፤ የሚሰርዘው ግን ያበደረው ወገን ነው። የጎረቤቴን ገንዘብ የወሰደ ሰው መጥቶ ቢያለቅስልኝ፣ ከእሱ ጋራ ላለቅስ እችል ይሆናል እንጂ ዕዳውን ልሰርዝለት አልችልም። በዚያች ሰንበት የሐምፕተን ምእመናን የሰረዙት ዕዳ የማን ነበር? በእነሱ ላይ የደረሰውን እፍረት ይቅር ማለት መብታቸው ነው። በሐሰት ከሳሽነት የተከሰሰችውን ሴት ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ሰው በዊንትሮፕ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ሽማግሌው እግሯ ላይ ወደቁ የሚልም የለም።

ዕንባው ሲደርቅ የነገሩ ክፋት እየታየ መጣ። ማኅበሩ የሌሎች አጥቢያዎችን ሽማግሌዎች ምክር ጠየቀ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ አንዳንዶች አጥብቀው የያዙት ነጥብም ቀላል አልነበረም፤ ከተናዘዙ በኋላ ይቅር ብለናቸው፣ አብረናቸው ቆርሰን፣ አሁን በምን አፋችን እናወግዛለን የሚል ነው። በመጨረሻ ግን አወገዟቸው። የኑዛዜውን ዕንባ እንደ ደረሰኝ ቆጥሮ ፋይሉን ለመዝጋት የቸኮለው ወገን በዚያ ቀን ተረታ፤ ደግም ሆነ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ገደማ አድካሚ ናቸው። ባችለር አንድ ቀን ጸጸት ያደቅቃቸዋል፤ ሌላ ቀን ሰበብ ይደረድራሉ፤ ይልቁንም የአገልግሎት ባልደረባቸውን ቲሞቲ ዳልተንን ይከሳሉ። ዳልተንም በነገሩ ውስጥ እንደሚገባው አልሆነም፤ በኋላ ስሕተቱን አምኗል። ሕዝቡ ሊቀበላቸው በሩን ሲከፍት እሳቸው መጸጸታቸውን መልሰው ይጸጸታሉ። በዚሁ መካከል ቤታቸው ተቃጥሎ ያላቸው ሁሉ ከሞላ ጎደል ወደመ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሎ መወሰን ስላቃተው ነገሩ ለዳኞችና ለሽማግሌዎች ተመራ፤ በእነሱ አማላጅነትም ከውግዘቱ ተፈቱ። የእረኝነት ሥልጣናቸው ግን አልተመለሰላቸውም።

በዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥ የጠራ ፍርድ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ማዕዱን መለሱላቸው፤ መድረኩን ነሷቸው። አንዱ ለነፍስ የሚሰጥ ምሕረት ነው፤ ሁለተኛው በሌሎች ላይ የሚሰጥ ሥልጣን ነው። እኒያ ጥብቅና ቀዝቃዛ እየተባሉ የሚታሙ ሰዎች ሁለቱን ለይተው ማየታቸው ያስደንቀኛል፤ ዛሬም ብዙ ቦታ ሲደባለቁ እናያለንና። በ1644 ኤክሰተር የምትባል ጎረቤት መንደር እረኛችን ይሁኑ ብላ ብትጠራቸውም፣ የማሳቹሴትስ ጉባኤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን እንዳይቋቋም ከለከለ።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እዚህ ሲደርስ በናትናኤል ሆውቶርን «ቀዩ ፊደል» ውስጥ ያለውን ወጣት ሰባኪ ማስታወሱ አይቀርም። በ1850 የታተመው ያ ልቦለድ ኃጢአቱን ደብቆ ከውስጥ የሚነድ ካህን ይሥላል፤ ካህኑ በአደባባይ ተናዝዞ እዚያው ይሞታል። ሞት ለደራሲ ምቹ ነው። ባችለር ግን ተናዝዘውም ኖሩ፤ ኖረውም ካዱ።

የልቦለዷ ሴት ደግሞ ምናልባት ከዚሁ ቤት ሳትወጣ አልቀረችም። ባችለር ሚስታቸው ሞታባቸው፣ ወደ ዘጠና ሲቃረቡ ማሪ የምትባል ወጣት መበለት አገቡ። ኑሮው አልሰመረም። በ1651 በዛሬዋ ሜይን ግዛት የተሰየመ ችሎት ማሪን ከሌላ ሰው ጋራ በማመንዘር ጥፋተኛ አላት፤ ከወለደች ከስድስት ሳምንት በኋላ በከተማው ስብሰባ ፊት አርባ ሲጎድል አንድ ጅራፍ እንድትገረፍና የ«ኤ» ፊደል በጋለ ብረት እንዲተኮስባት ፈረደ። ሆውቶርን ምንጩ ይህች ሴት ትሆን ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እሱ ፊደሉን በወርቅ ክር በጨርቅ ላይ ጠለፈው። ለማሪ የተፈረደባት ግን በቆዳዋ ላይ ነው።

በዚህ ፍርድ ላይ «ብትናዘዝስ?» የሚል ሽማግሌ አልተጠራም፤ ዕንባዋን አይቶ ልቡ የተነካ ማኅበርም የለም። ባችለር ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ማሪ በ1656 ለማሳቹሴትስ ጉባኤ አቤቱታ ጻፈች፤ ባሏ በባሕር ማዶ ሌላ ሚስት ማግባታቸውን መስማቷን፣ ሁለት የታመሙ ልጆች በእጇ እንዳሉ ገልጻ፣ ፍቺ ተፈቅዶላት ሌላ ባል ታገባ ዘንድ ለመነች። ባችለር በዚያው ዓመት በለንደን ተቀበሩ።