የጎነበሰ ሁሉ ድንጋይ አያነሣም

ብዕሬን የምታውቁት በፖለቲካ ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ውሻ ልጽፍ ነው። «ሰውየው ርእስ አለቀበት» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ብትታገሡኝ ግን ከተለመደው ሰፈራችን ብዙ እንዳልራቅሁ ትፈርዱልኛላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ የቆዩ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት በሚፈርሱበት በዚያ ሰሞን፣ ያደግሁበትን መንደር ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ሄጄ ነበር። ገሚሱ ቤት ቆርቆሮው ተነሥቶ ግድግዳው ብቻ ቆሟል፤ ገሚሱ ከነግድግዳው ወድቋል። በልጅነቴ ዳቦ ቆርሰው ይሰጡኝ የነበሩ አንዲት እናት ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ሲያስጭኑ አገኘኋቸው። ከመኪናው ሥር አንድ ቡናማ ውሻ ጭራውን ከሆዱ ሥር ቀብሮ ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ፣ እኔን አራተኛ ፎቅ ነው የደረሰኝ። ውሻ እዚያ ምን ይሆናል? አንተ ግቢ አለህ፤ ውሰድልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ይናከሳል እንዴ?»

«ኧረ እሱስ ፈሪ ነው!» አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ግን ልጄ፣ የሚፈራ ነው የሚናከሰው» ሲሉ ጨመሩበት።

ስሙ «ይታያል» ነው። አገራችን የውሻ ስም ስታወጣ መልእክት ማስተላለፍ ልማዷ ነው። ለጎረቤት ወይም ለሹም ፊት ለፊት ሊናገሩት ያልተደፈረው ነገር የውሻ ስም ይሆንና ከደጃፍ ላይ ጮክ ተብሎ ይጠራል። «ይታያል» ለማን የተላከ መልእክት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ቀኑ የሚጠየቅበት ቀን አልነበረም።

ይታያል ግቢያችን እንደገባ ከአሮጌው ማድ ቤት ጀርባ ተወሸቀ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልወጣም። ምግቡን የሚበላው ሌሊት፣ ሁላችንም ከተኛን በኋላ ነበር። የሚፈራቸውን ነገሮች በማስታወሻ ደብተሬ መዘገብሁ፦ መጥረጊያ፣ ከባድ ጫማ፣ ድንገት የሚዘጋ በር፣ የገልባጭ መኪና ድምፅ። ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋባኝ ግን ምግቡን ላስቀምጥለት በመጣሁ ቁጥር የመጣሁበትን ጉዳይ እያየ መሸሹ ነው። ሥጋው እየሸተተው ይሸሻል!

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ሳህኑን ለማስቀመጥ ጎንበስ እል ነበር። በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ውሻ ሲመጣበት፣ መሬቱ ላይ ድንጋይ ባይኖር እንኳ፣ ጎንበስ ይላል፤ ውሻውም ይፈረጥጣል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት ቈጥሬ አልዘልቀውም። እንጀራ የሚያስቀምጥ ሰውና ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ሲጎነበሱ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው የጎነበሰው ብቻ ነው፤ ከፊቱ የቆመው ከኖረበት ተነሥቶ ይገምታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለው ብዙውን ጊዜ በበረየው ላይ እየሳቅን ነው። እባቡን በእርግጥ አይቶት እንደነበር ግን እንረሳለን።

ነገሩ ለሳይንስም እንግዳ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ሌኒንግራድ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ፣ ውኃው የሩሲያዊው ሊቅ የኢቫን ፓቭሎቭ የምርምር ውሾች ወደሚኖሩበት ሕንፃ ገብቶ ነበር። ውሾቹ ከመስመጥ ለጥቂት ተረፉ። አንዳንዶቹ ግን ለረጅም ጊዜ የተማሩትን ሁሉ ከዚያ በኋላ አጡት። ካገገሙም በኋላ በበሩ ሥር ጥቂት ውኃ ወደ ክፍሉ እንዲገባ ሲደረግ የቀድሞው ድንጋጤ ተመልሶ መጣ። ጎርፉ ለከተማው አልፏል፤ ለውሻው አላለፈም። ይታያልም እንዲሁ ነው፤ አሸዋ የጫነ መኪና በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር መንደሩ እንደ አዲስ ይፈርስበታል።

ከዚያ በኋላ መጎንበስ ተውሁ። ሳህኑን ከወገቤ ቁመት በማይዘል ግንብ ላይ አስቀምጬ፣ ዓይኑን ሳላይ፣ ጎኔን ሰጥቼው ወደ ኋላ መመለስ ጀመርሁ። ሰዓቱን አልለዋውጥም፤ እጄን ወደ ራሱ አልዘረጋም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ከሁለት ወር በኋላ ከእኔ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ይበላ ጀመር። እኔም ኮራሁ። ጥፋቴ የመጣው በዚህ ኩራት መካከል ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት አለው ማለት አይቻልም፤ ከተጠቂዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። ስለዚህ ክትባቱ የግድ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ፤ ይታያልን በጉበት አታልዬ ማድ ቤት አስገባሁትና በሩን ዘጋሁበት። ከሐኪሙና ከአንድ ጎረቤት ጋር ሆነን በብርድ ልብስ ልንይዘው ስንታገል ቀኝ እጄን ነከሰኝ። በዚያች ቅጽበት ከአፌ የወጣውን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «ለራስህ ጥቅም እኮ ነው!» ብዬ ጮኽሁበት።

ይህን ዐረፍተ ነገር ስንት ባለሥልጣን ሲናገረው ሰምቼ ስንት ገጽ ጽፌበታለሁ!

ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ታጠብሁ፤ ከዚያም ጤና ተቋም ሄጄ ክትባቱን እኔው ጀመርሁት። ውሻው ሳይከተብ ቀረ። የሐኪሙ ትእዛዝ ዐሥር ቀን ተዘግቶበት እንዲጠበቅ ነበር። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክሰኝ በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው።

ባለቤቴ እጄን እያሰረችልኝ፣ «ዐሥሩ ቀን ሲያልቅ ይህ ውሻ ከዚህ ቤት ይውጣ። ልጅ አለን» አለች። የምመልሰው አልነበረኝም። ከቤት የወጣ ውሻ የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ላይ ይውላል፤ አንድ ሌሊት መርዝ የተቀባ ሥጋ ያገኛል። ደሙ በቃሉ እውነተኛ ትርጉም ደመ ከልብ ነው፤ ጠያቂ የለውም። ይህን ቃል ለሰው ልጅ ደም ስንጠቀምበት የኖርን ሕዝብ መሆናችን ያን ሰሞን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ዐሥሩን ምሽቶች ከማድ ቤቱ ደጃፍ ዱካ ላይ አሳለፍኋቸው። በሩን በፍርግርግ ዘግቼ፣ ጀርባዬን ለእርሱ ሰጥቼ፣ የት እንዳለሁ በድምፄ እንዲያውቅ ጋዜጣ እያነበብሁ። የምክር ቤት ውሎውን፣ የምንዛሪውን ነገር፣ ማስታወቂያውን ሳይቀር አነበብሁለት። የነከሰኝን ውሻ ከጀርባዬ አድርጌ መቀመጡ ቀላል አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ልጄ መጥታ፣ «አባዬ፣ የምትፈራው አንተ ነህ ወይስ እሱ?» አለችኝ። «ሁለታችንም» አልኋት። በሰባተኛው ምሽት የታሰረው እጄ ላይ በፍርግርጉ በኩል ትንፋሽ ተሰማኝ። ዞር አላልሁም። አሸተተኝና ተመልሶ ተኛ።

ዐሥሩ ቀን በጤና አለፈ። ከመስኮት ሆና ስታየን የሰነበተችው ባለቤቴ፣ «እስቲ አንድ ወር እንየው» አለች። ያ ወር እስከ ዛሬ አላለቀም።

በ1967 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሊያመልጡት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ማምለጫ ሲከፈትላቸው እንኳ ብዙዎቹ ተኝተው ንዝረቱን ሲቀበሉ አይተው ጽፈው ነበር። ውሾቹ «ምንም ባደርግ አይጠቅምም» የሚለውን ተምረዋል ተባለ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ እነዚሁ ሰዎች የራሳቸውን ሐሳብ አረሙት፤ ለረዘመ ሥቃይ እጅ መስጠት የተፈጥሮ ምላሽ ነው፣ ትምህርት የሚያስፈልገው በገዛ ሁኔታ ላይ ሥልጣን መኖሩን ለማወቅ ነው አሉ። ይህ አባባል ዐሥሩን ምሽቶች አብራራልኝ። ይታያልን ያለወጠው ጉበቱ አይደለም፤ ጉበት በፊትም ነበር። የለወጠው መቅረብም መራቅም በእርሱ እጅ መሆኑና «አልፈልግም» ሲል ምንም እንዳልደረሰበት ማየቱ ነው።

ወደ ሰፈራችን ተመልሻለሁ። ለምዝገባ ሲጠራ «ለምን ይሆን?»፣ ለውይይት ሲጋበዝ «ማን ይቀዳል?» የሚለውን ወገናችንን «ተጠራጣሪ» እያሉ የሚወቅሱት ሹማምንት ብቻ አይደሉም፤ እኛ የተማርነውም እንወቅሰዋለን። ይህ ሕዝብ ግን በቀይ ሽብር ዘመን ከቀበሌ ስብሰባ ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ ያለው ሕዝብ ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወረፋ ይዞ ድምፁን ሰጥቶ፣ ቆየት ብሎ በአደባባይ ጥይት የተተኮሰበት ሕዝብ ነው። የጎነበሰ ሁሉ ድንጋይ እንደማያነሣ እርሱም አያጣውም፤ የትኛው እንደሚያነሣ ግን አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ አልተሰጠውም። ማስረጃውን የማቅረብ ዕዳ የጎነበሰው እንጂ የሸሸው አይደለም። ማስረጃውም «እመኑኝ» የሚል ንግግር ሳይሆን፣ እንቢ ያለ ሰው በሰላም ቤቱ ሲገባ መታየት ነው።

ሕዝብን ከውሻ ጋር አወዳደርህ እንዳትሉኝ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ግቢው የእኔ ነው፣ እንጀራውም የእኔ ነው። አገሩ ግን የሕዝቡ ነው፤ የሚታደለውም እንጀራ የራሱ ነው። ለውሻ ይህን ያህል ትዕግሥት ከተገባ፣ ለባለቤቱ ምን ያህል እንደሚገባ ሒሳቡን ለእናንተ እተዋለሁ።

ይታያል በተከታዩ ዓመት ተከትቧል። ሐኪሙ አራት ቀን እየተመላለሰ መሬት ላይ ተቀምጦ ከመሄድ በቀር ምንም አላደረገም፤ መርፌው በአምስተኛው ቀን ነበር። ውሻው አልተያዘም፤ አጠገቤ ቆሞ ተወጋ። ገልባጭ መኪና ሲያልፍ ዛሬም ከማድ ቤቱ ጀርባ ይገባል። ትናንት ማታ የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ረስቼ ጎንበስ ብል ዘሎ ሸሸ። ቀና ብዬ ጠበቅሁት፤ ጥቂት ቆይቶ መጣ።

ቸር ያሰንብተን።