ለአንድ ሴኮንድ ትርፍ 7,500 ዶላር

ጓደኛዬ መኪና ሊገዛ ነው። ሜሪላንድ ከመጣ ጀምሮ ያገለገለ ቶዮታ ሲነዳ ኖሮ፣ አሁን ዓይኑ ቴስላ ሞዴል 3 ላይ አርፏል፤ ያውም ፐርፎርማንስ የሚባለው ላይ። ቅዳሜ ለሙከራ ሲነዳው አብሬው ነበርኩ። አረንጓዴ ሲበራ ረገጠው፤ ጀርባዬ መቀመጫው ላይ ተለጠፈ። ከቆመበት ተነሥቶ 60 ማይል የሚገባው በ2.9 ሴኮንድ ነው። ደስ ይላል፤ አልዋሽም።

ግን ሒሳቡን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ፐርፎርማንሱ 54,990 ዶላር ሲሸጥ፣ አራቱንም ጎማ የሚነዳው መደበኛ ወንድሙ 47,490 ነበር። ይኸኛው 60 ማይል ለመድረስ 4.2 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ 7,500 ዶላር የሚከፈለው ለ1.3 ሴኮንድ ነው። ፈጣኑ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ 300 ማይል ገደማ ሲሄድ መደበኛው ከ340 ያልፋል። የፈጣኑ ጎማም የፊቱ 235፣ የኋላው 275 ስለሆነ ቦታ እያለዋወጡ እኩል ማስጨረስ አይቻልም። ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚነዳው ደግሞ በአብዛኛው 55 ማይል በተገደበው የቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ነው።

«መንግሥት 7,500 ይመልስልሃል ብለውኝ ነበር» አለኝ። ያ ድጎማ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አብቅቷል። በነበረ ጊዜም ቢሆን ለሁለቱም ነበርና የፍጥነቱን ዋጋ አይሸፍንም።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ታናሽ ወንድሜ ጋ ከርሜያለሁ። እዚያ ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛው በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኤክሳይዝና ሱር ታክስ ተነሥቶለት፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው ቀረጡ 15 በመቶ ሆነ፤ በ2024 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ወንድሜ የነዳጅ ሰልፍ ሰልችቶት ነበር። አሁን ማታ ግቢው ውስጥ ገመዱን ይሰካና ይተኛል፤ በተራው የቤት መስመር አድሮ ጠዋት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ይዞ ይወጣል። ጓደኛዬ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ የሚሰካበት የለውም። ውጭ፣ ፈጣን ቻርጀር ላይ የሚከፈለው ደግሞ ከቤት መብራት ሒሳብ በጣም ይበልጣል። በእኔ ግምት ከሴኮንዱ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባው ይኼ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ቀን በወንድሜ መኪና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። አራት ሆነን ነበር፤ እናታችን ከፊት። ሽሮ ሜዳ ላይ ባትሪው 61 በመቶ ይላል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ። የድሮዋ ቪትዛችን እዚያ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለችው እንጦጦ ማርያም ስንደርስ 55 ነበር፤ ስንወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ሽሮ ሜዳ 57 ሆኖ ደረስን። እናቴ ቁጥሩ ሲጨምር አይታ «ማን ሞላው?» አለች።

ይህች መኪና ፈጣን አይደለችም። የምንፈልገውን ጉልበት ግን ሰጥታናለች። ስለ ጓደኛዬ ስነግረው ወንድሜ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሆዱ ከመሬት ስንት ይርቃል?» 14 ሴንቲ ገደማ ስለው «ባትሪው እኮ እዚያ ነው ያለው» ብሎ ዝም አለ።

ጓደኛዬን መደበኛውን ውሰድ ብዬዋለሁ። ቤልትዌይ ለመግባት 4.2 ሴኮንድ ከበቂም በላይ ነው። ገና አልቆረጠም። ሰኞ ግን የአፓርታማውን ኃላፊ «ፓርኪንጉ ውስጥ ቻርጀር ታስገቡልናላችሁ?» ብለን ልንጠይቅ አብረን እንሄዳለን።