የጨዋታ ጽሑፍ ይሸለማል ወይ?

ለጌም ጽሑፍ ሽልማት ይሰጣል ቢሏችሁ ሳትስቁ ታምናላችሁ? ብዙዎቻችን እንስቃለን። ሰው ቁልፍ እየተጫነ ለሚያሯሩጠው ሥዕል ምን ጽሑፍ ያስፈልገዋል? ካለውስ እንዴት ከልብ ወለድና ከግጥም ጎን ተቀምጦ ይሸለማል? ነገሩ ግን እውነት ነው። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ደራስያን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ለጌም ጽሑፍ መሸለም ጀመረ። የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት አካዳሚም ለጌም ተረክ ይሸልማል። የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራስያን የሚሰጡት ኔቡላ የተባለው ስመ ጥር ሽልማት ደግሞ በ2018 ለወጡ ሥራዎች የጌም ጽሑፍ ዘርፍ ከፍቶ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን ሰጠ። ያገኘው «ባንደርስናች» ነው፤ ተመልካቹ መንገድ እየመረጠ የሚያየው ፊልም እንጂ እኛ ጌም የምንለው ዓይነት አይደለም። ሸላሚዎቹ ገና ሲገቡ በሩን የሳቱት ይመስላል።

ሸላሚ መኖሩ ብቻውን ግን ነገሩን አያከብረውም። ሽልማት እኮ በእርሻ ትርዒት ላይ ለበሬም ለዶሮም ይሰጣል። እኔን የሚከነክነኝ ሽልማቱ ከቁም ነገር ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ነው። ጥያቄው የሌላ አገር ሰው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀትና ቀለም ባላባከንኩ። ነገር ግን ዘንድሮ ለመጽሔታችን ውድድር ከቀረቡት ድርሰቶች አንዱ በወረቀት ሳይሆን በፍላሽ መጣ። የጻፈችው የሞጣ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተሩን ያዘጋጀላት አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ኮሚቴው «ጨዋታ እንጂ ድርሰት አይደለም» ብሎ መለሰው። ፍላሹን የከፈተ ሰው አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ከውጭዎቹ ሽልማቶችም ጥቂት የማይባሉት የሚያስኮሩ አይደሉም። ያ የአሜሪካኖቹ ማኅበር ሲጀምር ለመወዳደር የማኅበሩ የጌም ጸሐፍት ክፍል አባል መሆን፣ ወይም ቢያንስ ለአባልነት ማመልከት ግድ ነበር። ያላመለከተ ሰው ጽሑፉ ሰማይ ቢነካ ከደጅ ይቀራል። (ይህን ሳነብ የቀበሌ ዘይት ወረፋ ትዝ አለኝ፤ መታወቂያ ከሌለህ ወጥህ ያለ ዘይት ነው።) ይህስ ይሁን። ከዚያ የሚብሰው፣ ለውድድሩ የሚቀርበው የጽሑፉ ቅጂ መሆኑ ነው። ጌምን ከወረቀት ላይ አንብቦ መፍረድ የድጓውን ምልክት ዐይቶ ዜማውን እንደ ማድነቅ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል የሞጣዋን ልጅ ሥራ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ባለታሪኩ የቆሎ ተማሪ ነው። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ሊማር ከሞጣ ይነሣና በቀራኒዮ፣ በደብረ ወርቅና በቢቸና አድርጎ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ይሄዳል። እናቱ አጥሩ ሥር ቆማ ትሸኘዋለች፤ ጨዋታው የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገድና ደጃፍ ነው። በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ውሻ ይጮኻል፤ ሰው ወጥቶ ያናግረዋል። ምን እንደሚመልስ የምትመርጠው አንተ ነህ። ቁራሽ ካገኘ አኩፋዳው ውስጥ ይከተዋል፤ ከቁራሹም ጋር ሰዎቹ ከተናገሩት አንድ ቃል አብሮ ይገባል።

ደብረ ወርቅን እንዳለፈ አንዲት ሴትዮ ትወጣና «አንተ ልጅ፣ እናት አለችህ?» ትለዋለች። «አለችኝ» ካልክ ቁራሽ ትሰጥሃለች፤ መንገድህን ትቀጥላለህ። «የለችኝም» ካልክ ታዝንልሃለች፤ «ግባ የኔ ልጅ» ብላ እሳት ዳር ታስቀምጥሃለች፤ እግርህን ታጥብሃለች፤ እዚያው ታድራለህ። ውጭው ዝናብ ነው። ማን «አለችኝ» ይላል?

ዲማ ሲደርስ የኔታ «በል ጉባኤ ቃና ቁጠር» ይሉታል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ የጀማሪ ቅኔ። ተማሪው የሚቆጥረው በመንገድ ከለቀማቸው ቃላት ነው። «የለችኝም» ብሎ ያደረው ተማሪ አኩፋዳውን ቢዘረግፈው «እም» የምትለዋ የግእዝ ቃል የለችበትም። ያለ እሷ ደግሞ ቅኔው አይሞላም። ጌሙ አይቆጣህም፤ «ተሳስተሃል» ብሎ አይጽፍብህም። የኔታ ብቻ «እንግዲያው ነገ ንገረኝ» ይሉሃል። በነጋታውም ቃሏ የለችም።

የክፍሌ ልጅ «የለችኝም»ን ሲመርጥ እየሳቀ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ዲማ ደርሶ አኩፋዳውን ሦስት ጊዜ ሲያገላብጥ አየሁት። ሣቁ የለም። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ለማን እንደ ደወለ አልጠየቅሁትም።

አሁን ይህን ሥራ በወረቀት አትሙት። «እናት አለችህ?» «የለችኝም።» በቃ፣ ሁለት መሥመር፣ ያውም ተራ መሥመር። ፈራጅ አንብቦ «ደኅና ነው፣ ትንሽ ሣሣ ይላል» ብሎ ያልፈዋል። የልጅቱ ጥበብ ግን በጥያቄውና በጎደለችው ቃል መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። ያንን መንገድ ያልሄደ ሰው ምኑን ይፈርደዋል?

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። ዲማ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ለብቻው ጥላ ፈልጎ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ይታረማል፤ በማግስቱ እንደገና ነው። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪደርስ ስንት ማታ እንደሚታረም አስቡት። እንግዲህ በበዓል ቀን ቅኔ ሲባል በዙሪያው ቆመው የሚሰሙት እንዲህ ታርመው ያለፉ ናቸው። ካማራቸው «ይበል!» ይላሉ። ካላማራቸው ዝም ነው፤ ያ ዝምታ ደግሞ ከዱላ ይከፋል። «ይበል» ገንዘብ የለው፣ ዋንጫ የለው፣ ምስክር ወረቀት የለው። ግን እኛ አገር ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት አላውቅም።

ክብሩ የመጣው ከየት ነው? ባዩ ራሱ ቆጥሮ ያየ በመሆኑ ነው፤ ይህ አንድ። ደግሞም ቅኔው በተባለበት ቀን እዚያው ቆሟል። የዕለቱን ምስባክ ሰምቷል፤ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ተሾመ፣ ዝናቡ ስንት ቀን እንደ ዘገየ ያውቃል። ያንኑ ቅኔ ከዓመታት በኋላ ከመጽሐፍ ብታነበው ቃሉ አለ፣ ሰዋስው አለ፣ ሰምና ወርቁም አለ፤ ቀኑ ግን የለም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የሚል ባለቅኔም ያፍራል።

«አንተ ሰው፣ ቅኔን ከጌም ጋር ልታስተካክል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላስተካክልም። የማስተያየው ፈራጁን ከፈራጁ ጋር ነው። በስብሰባው ላይ ደግሞ «ሴት ልጅ ስለ ቅኔ ቤት ምን ታውቃለች?» ያለም ነበር። ጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ዓይነ ሥውር የቅኔ መምህርት ያፈራ አገር መሆኑን አስታውሼው ዝም አልኩ።

ከውጭዎቹ መካከል «ይበል» የሚመስል ፍርድ ያየሁት በኔቡላ ላይ ነው፤ «ኤልደን ሪንግ» ለተባለው የጃፓን ጌም በ2023 የተሰጠው። የዚህ ጌም ታሪክ ወጥ ሆኖ አይተረክም። በየሰይፉ፣ በየቀሚሱ፣ በየቀለበቱ ላይ በተጻፈች አጭር ማስታወሻ ተበትኖ ነው ያለው። ሂደታካ ሚያዛኪና ልብ ወለድ ጸሐፊው ጆርጅ ማርቲን ናቸው የተሸለሙት። ያንን ጽሑፍ በወረቀት ያየ ሰው የንብረት ክፍል መዝገብ ነው የሚመስለው። ወርቁን የሚያገኘው የሄደበት ብቻ ነው፤ ድምፅ የሰጡትም ራሳቸው ጸሐፍት ናቸው። ይህን ሽልማት አከብረዋለሁ።

ደግሞስ «ጨዋታ» የሚለውን ቃል በንቀት የምንጠራው ከመቼ ወዲህ ነው? በቋንቋችን ጨዋታ ማለት ወግ ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ተጫወት» እንለዋለን፤ ኳስ ምታ ማለታችን ነው እንዴ? አለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ አዋቂ ነበሩ ስንልም አላዋረድናቸውም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲወስድ ስሙን ይበልጥ ያስጠራው መድረክ ነበር፤ ያኔ «ቲያትር ይታያል እንጂ አይነበብም» ብሎ የከለከለው የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ቢሆን ብዙ ሰው የወደደው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። ኮሚቴያችን እየደጋገመ የሚጠቅሰው የ1953 ዓ.ም. የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» እንኳ በኮሌጅ ቀን ለጆሮ የቀረበ ግጥም ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ግን ከኮሚቴው አይደለም፤ ከቢቸና ነው። ከተማችን ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ብታዩ ልጆቹ ታሪክ ያለው ጌም ሲከፍቱ ሰዎቹ ማውራት እንደ ጀመሩ ቁልፉን ደጋግመው ተጭነው ያልፉታል። የሚከፍሉት በደቂቃ ነው፤ ወሬ ሲሰሙ ብራቸው ያልቃል። ስለዚህ ፊፋ ይሻላል። ታዲያ ማንም የማያዳምጠውን ጽሑፍ መሸለም ምን ይሉታል?

እዚያው ቤት ግን አንድ ልጅ ነበር። እንግሊዝኛ አይችልም። ሌላው «ሳን አንድሪያስ»ን ሲጫወት ተራ ለሚጠብቁት ታሪኩን በአማርኛ ይነግራቸዋል፤ ከልቡ እየፈጠረ። «ይኼ ልጅ ከስደት የተመለሰው እናቱ ሞታበት ነው፤ ቀብር አልደረሰም» ይላል። ይህን ከመቃብሩና ከፊታቸው ዐውቆት ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው። የቀረውን ጠላቶቹን የወሰን ጠበኞች፣ ፖሊሱን ጉቦኛ የአጎት ልጅ አደረጋቸው። ልጆቹ ተራቸው ደርሶ እንኳ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይጨርስልን» ይሉ ነበር። ሲዘሉት የነበረው ለካ እንግሊዝኛውን ነው።

በአማርኛ የሚናገር፣ ቃሉ የከበደ ጌም ግን አላየሁም። አዲስ አበባ ውስጥ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ድርጅት «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም በአፍሪካ ደረጃ ተሸልሞበታል። የድርጅቱ ስም «ቅኔ» ነው። ጨዋታው ግን ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ሩጫ ነው፤ ሽልማቱም ለመዝናኛነቱ እንጂ ለቃሉ አይደለም። (ለዶሮም ይሸለማል ስል ቀልዴን ብቻ አልነበረም።)

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሮበርት ኩርቪትዝ የተባለ ኤስቶኒያዊ በ2013 በአገሩ ቋንቋ ልብ ወለድ አሳተመ፤ ብዙ ገዢ አላገኘም። ያንኑ የፈጠረውን ዓለም ከጓደኞቹ ጋር ጌም አደረገው። «ዲስኮ ኢሊዚየም» ተብሎ በ2019 ወጣ፤ ጽሑፉ አንድ ሚሊዮን ቃል ያህላል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው ትልቁ የጌም ሽልማት የተረክን ጨምሮ አራት ዘርፍ አሸነፈ። ሲቀበሉም ማርክስንና ኤንግልስን አመሰገኑ፤ የድሮዎቹ የግቢያችን ተማሪዎች ቢሰሙ ጣሪያው ይነሣ ነበር። በ2022 ግን ኩርቪትዝና ባልደረቦቹ ያለ ፈቃዳቸው ከድርጅቱ መውጣታቸው ተሰማ። ጌሙ የድርጅቱ ነው፤ ይሸጣል። መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም አለ፤ ጌም ላይ ያለው የድርጅት ስም ነው። የጸሐፊውን ስም አውጥቶ የሚጠራው ያ የተሳቀበት ሽልማት ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ እኔ መሳቁን ተውኩ።

ስለዚህ ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ጌሙ ይግባ። የሚፈርድ ሰው ግን ተቀምጦ ዲማ ድረስ ሁለት ጊዜ ይሂድ፤ አንዴ «አለችኝ»፣ አንዴ «የለችኝም» ብሎ። ካላማረው ዝም ይበል፤ እኔም አልከራከርም። ካሸነፈም የሚጻፈው የልጅቱ ስም ይሁን። ቀጣዩ ስብሰባ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ላፕቶፑን እኔ አመጣለሁ፤ ባትሪው አንድ ሰዓት ተኩል ነው የሚይዘው፣ መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ከጠፋ ደብረ ወርቅ ላይ እንቆማለንና ቻርጅ የተደረገ ሌላ ላፕቶፕ ያለው ይዞ ይምጣ።