«ኮንታክት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ውድ እኅቶቼ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁና ለየራሳችሁ መልሱልኝ። የምጣዳችሁ ሶኬት የተቃጠለ ፕላስቲክ ቢሸታችሁ፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ቢልባችሁ፣ ወይም ካውያው ከልክ በላይ ግሎ የልጃችሁን ዩኒፎርም ቢያቃጥል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠርታችሁ ምን ብላችሁ ነው የምትነግሩት? እኔ እንደሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ስናገር የኖርሁት አንድ ቃል ነበር፤ «ኮንታክት አድርጓል» እል ነበር። የሰፈሬ ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ቤት ሲቃጠል ኮንታክት ነው፤ ሬዲዮ ሲንኮሻኮሽ ኮንታክት ነው፤ ፊውዝ ሲቃጠልም ኮንታክት ነው።

የመጀመሪያ ልጄ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የኤሌክትሪክ ትምህርት ትከታተላለች። ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ የሞተር ማስነሻዎችን ወደሚጠግን አንድ ወርክሾፕ ተመደበች። አንድ ቀን ማታ ወጥ እየሠራሁ ሳለ፣ ገብታ ቦርሳዋን እንዳስቀመጠች «እማዬ፣ ዛሬ ኮንታክት ስንቀይር ዋልን» ብትለኝ ማማሰያው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ማንን ያዘው? እናንተስ ተረፋችሁ?» አልኳት። ልጅቷ እስኪያማት ሳቀች።

እንደ እርስዋ አነጋገር ኮንታክት ማለት ዕቃ ነው እንጂ አደጋ አይደለም። በማናቸውም ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ የብረታ ብረት ቁልፎች አሉ። ሲነካኩ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ሲለያዩ ይቆማል። ኮንታክት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መነካካት የሌለባቸው ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ ግን ሌላ ስም አለው፤ ሾርት ይባላል። ማያያዣው ላልቶ ሲሞቅ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ቁልፎቹ ከብልጭታው ብዛት ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀው «አንላቀቅም» ሲሉም አራተኛ ነው። እኛ እናቶች አራቱንም በአንድ ጆንያ ከተን «ኮንታክት» ስንል፣ የተጠራው ሠራተኛ ከየት መጀመር እንዳለበት እንኳ አያውቅም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ፤ «ሶኬቱ ይሞቃል» ወይም «ባጠፋውም አልጠፋ አለኝ» ወይም «እንደ ሰካሁት ፊውዙን ጣለው» እላለሁ። ሠራተኛው ገና ከበር ሳይገባ ግማሹን ያውቀዋል።

የእንጀራ ምጣድ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት የሚወስድ ቢሆን፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ያ ሁሉ ኀይል የሚያልፈው ከምስር ፍሬ ብዙም በማትበልጥ ነጥብ ላይ ነው። ነጥቧ ከላላች ወይም ከተበላች ትሞቃለች፤ ሙቀቱም ይበልጥ ያላላታል። እንግዲህ ሶኬቱ ሲሞቅ እጃችንን አራግበን እንጀራውን መቀጠል ሳይሆን ከቆጣሪው አጥፍቶ ማስመርመር ነው የሚሻለው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉም አይቻለሁ። የሚፈገፈገው ብር መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ እጃቸው በተሰበሰበ ነበር።

አዎን፣ ብር ነው። የምንሸምትበትን ብር ማለቴ ሳይሆን ለጌጥና ለመስቀል የሚሆነውን ማለቴ ነው። ከብረታ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክን በማሳለፍ ብርን የሚያክል የለም፤ መዳብ እንኳ ሁለተኛ ነው። ብር ብቻውን ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ከኒኬል ጋር ያዋህዱታል። ቀድሞ ካድሚየም ኦክሳይድ በብዛት ይጨመርበት ነበር፤ ካድሚየም መርዝ በመሆኑ ዛሬ በብዙ ቦታ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ተክቶታል። ብር ውድ ስለሆነ ደግሞ ቁልፉን በሙሉ ከብር አይሠሩትም። ፊቱን ብቻ ብር፣ እግሩን መዳብ ያደርጉታል። ቅርጹ እንደ አጭር ምስማር ነው፤ ሪቬት ይሉታል። እግሩ በስስ የነሐስ ምላስ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ፣ ከወዲያ በኩል የተረፈው ጫፍ ተደፍጥጦ ይያዛል።

የልጄ መከራ የመጣው ከዚህ ነው። የተሰጣት የቃላት ዝርዝር በሙሉ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ሌሊት ሌሊት እንደ ዳዊት ስትሸመድደው እሰማት ነበር። «ኧፕሴቲንግ» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ብትፈልገው «ማበሳጨት» የሚል አገኘች። ብረት የሚበሳጨው እንዴት ነው? «ባይሜታል» የሚለውን ደግሞ ከካውያ ጋር አዛመደችው። በካውያ ውስጥ ሙቀት ሲያገኝ የሚታጠፍና ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ፣ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ጠፍጣፋ አለ፤ እርሱም ባይሜታል ይባላል። ባይሜታል ሪቬት ግን ከብርና ከመዳብ የተሠራ ማለት ብቻ ነው እንጂ አይታጠፍም። እርስዋ «በሙቀት ይታጠፋል» ብላ በፈተና ጽፋ ዜሮ አገኘችበት።

ፈተናውስ ይሁን። የባሰው በወርክሾፑ የደረሰው ነው። 200 ሪቬት ከውጭ አገር እንዲታዘዝ ቅጹን እንድትሞላ ይሰጧታል። ምላሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበረው። ለመደፍጠጫ አንድ ሚሊ ሜትር መትረፍ ስላለበት የእግሩ ቁመት 2.5 መሆን ነበረበት። የራሱ ውፍረት አንድ ነው። በቅጹ ላይ ግን «ሻንክ» የሚል አንድ ሣጥን፣ «ጠቅላላ ቁመት» የሚል ሌላ ሣጥን ነበር፤ ልጄ ሻንክ ማለት ምን እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበረች 2.5ን በጠቅላላው ቁመት ሣጥን ጻፈችው። ሪቬቶቹ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሲመጡ እግራቸው 1.5 ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳው ውስጥ ገብተው ከምላሱ ጋር እኩል ቀሩ፤ የሚደፈጠጥ ነገር የላቸውም። አንድ ሠራተኛ «ትንሽ መትተን እናስይዘው» ቢልም ኀላፊው እንቢ አለ። ልክም ነበር። እኔ በፈትል ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አንድ ሌሊት ቀዩን ቁልፍ ብንጫን ብንጫን ማሽኑ አልቆም ብሎ፣ ሠራተኛው ሮጦ ዋናውን ማጥፊያ እስኪያወርድ ድረስ የቆምንበት መሬት ጠቦን ነበር። በማስነሻው ውስጥ ኮንታክቶቹ ተጣብቀው ነበር። የላላ ሪቬት እንዲህ ያለ ቦታ ገባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳኝም።

ኀላፊው ስሕተቱን ካረመ በኋላ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ «ቀድሞም ይህ የሴት ልጅ ሥራ አልነበረም» አለ። ልጄ በነጋታው አልሄድም ብላ ተኛች። «ቃሉ የማን ቃል ነው? አላውቀውም፣ አይገባኝም፣ ትቼዋለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ አሁን የምነግራችሁን ለባለቤቴ እንጂ ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ እንደ ከበደኝ አልደብቃችሁም። በሰሜን ሸዋ ገጠር ማረሻና ማጭድ እየሠራ ነው ያሳደገን። ገበሬው ሁሉ ማረሻውን የሚያሠራው ከእርሱ ዘንድ ሆኖ ሳለ፣ ከቤታችን እህል ውሃ የሚቀምስ ግን ጥቂት ነበር። «ጠይብ» ይሉን ነበር፤ «ቡዳ» ይሉን ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዐዋጁ ግን እኛ ሰፈር ሳይደርስ ቀርቷል መሰለኝ። እኔም አዲስ አበባ መጥቼ ትምህርት ቤት ስመዘገብ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «ገበሬ» ብዬ ሞላሁ። ያም ሐሰት አልነበረም፤ እርሻም ነበረው። ነገር ግን ያን ቀን የቱን ሥራ እንደ ደበቅሁ አውቃለሁ።

በዚያ ማታ ከወጥ ቤት ቢላ ይዤ መጣሁና ከልጄ አጠገብ ተቀመጥሁ። ቢላው የቀንድ እጀታ አለው፤ እጀታው በሦስት ችንካር ተይዟል። «ይህን ችንካር እዪው» አልኳት። «ይህ ራሱ ነው፤ ይህ በቀንዱ ውስጥ ያለፈው እግሩ ነው። እግሩ ከቀንዱ ውፍረት ካልተረፈ በምን ይያዛል?» ዝም ብላ አየችው። ከዚያ የተኛችበትን ትታ ተነሥታ ተቀመጠች።

አባቴ ችንካር ሲሠራ አጠገቡ ሆኜ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርሁ። ጫፉን በመዶሻ ሲመታው ቁመቱ ያጥራል፤ ጎኑ ይወፍራል። ይህን «ራስ ማውጣት» ይለው ነበር። ልጄን ያበሳጫት «ኧፕሴቲንግ» ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ አባቴ ብረቱን አግሎ ሲሠራ የሪቬቱ ማሽን ሽቦውን ሳያግል በብርቱ ግፊት መሥራቱ ነው። ማሽኑ ከአንድ ጥቅል የብር ሽቦ፣ ከሌላው የመዳብ ሽቦ ይቆርጣል፤ ሁለቱን ቁራጮች አፍ ለአፍ አድርጎ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይጨፈልቃቸዋል። ሲጨፈለቁ ያልቆሸሸ አዲስ ገጽ ወጥቶ ስለሚገናኝ ያለ እሳትና ያለ ብየዳ ይጣበቃሉ። ይህን የነገረችኝ እርስዋ ናት፤ እኔ አላውቀውም ነበር። ስትነግረኝ ድምፅዋ ተመልሶ ነበር።

«አኒሊንግ»ስ አልኳት። «ማሞቅ ነው የሚለው» አለች። ማሞቅ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ለሠርግ ቀለበት የሚያሠራ ሰው ጠገራ ብር ይዞ ይመጣ ነበር። በላዩ 1780 የሚል ቁጥር ያለበት፣ 28 ግራም የሚመዝን፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። አባቴ አቅልጦ ሲቀጠቅጠው፣ ብሩ በተመታ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፤ ዝም ብለው ቢቀጥሉ ጠርዙ ይሰነጠቃል። እርሱም ድምፁን ሰምቶ ያውቅና «ደከመው፣ እናለዝበው» ብሎ ወደ ፍሙ ይመልሰው ነበር። ማረሻ ግሎ ውሃ ሲነከር ይጠነክራል፤ ብር ግን ግሎ ውሃ ቢነከርም ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። በሕፃንነቴ ይህ ነገር በጣም ይገርመኝ ነበር። ልጄም ደብተሯን አውጥታ ከ«አኒሊንግ» አጠገብ «ማለዘብ» ብላ ጻፈች። በመጽሐፍዋ ላይ የራሱ ጠርዝ የተሰነጠቀ ሪቬት ሥዕል ነበር፤ ለምን እንደ ተሰነጠቀ እኔ ነገርኋት።

እስከ እኩለ ሌሊት እንዲህ ስንል ቆየን። ራስ፣ እግር፣ ራስ ማውጣት፣ ማለዘብ፣ መደፍጠጥ። ለአንዳንዱ ቃል አልተገኘለትም። ኮንታክቶቹ ሲጋጠሙ ነጥረው ደጋግመው የሚነካኩትን ነገር አባቴ አያውቀውምና እንግሊዝኛውን እንዳለ ተውነው። መጨረሻ ላይ ልጄ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ከማን ተማርሽው?» አለችኝ።

«ከአያትሽ» አልኳት። ምን እንደ ነበረም ነገርኋት።

አማቴ በዚያው ክፍል ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እርሳቸው መኖራቸውን ረስቼው ነው ብል አታምኑኝም፤ አልረሳሁትም። እንዝርታቸው ቆመ። ልጄን ሲድሩልኝ የዘር ነገር ይጠይቃሉ እያልሁ ስፈራቸው የኖርሁ ሴት ናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ይህ ቢላ የእርሳቸው ሥራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን እማማ» አልኋቸው። ሌላ ምንም አላሉም፤ ተነሥተው ገብተው ተኙ።

ልጄ በማግሥቱ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። አዲሱን ቅጽ ራስዋ ሞላች፤ በዳር በኩል ሪቬቱን ሥላ ራሱንና እግሩን ለየብቻ ለክታ አስቀመጠች። ኀላፊው አይቶ ፈረመበት፤ ስለ ሴት ልጅ ሥራ የተናገረውን ግን እስካሁን አልመለሰም። ያጠሩት 200 ሪቬቶች በቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጠዋል፤ ምላሱ ቀጭን ለሆነ ለሌላ ማብሪያ ይሆኑ እንደሆነ እየተጠባበቁ ነው።

አማቴም ስለዚያ ማታ እስከ ዛሬ አንሥተው አያውቁም። ሽንኩርት ሲከትፉ ግን አሁንም በዚያው ቢላ ነው።