የሲሶና የእርቦ ሒሳብ

ያን ዕለት ከክፍል የወጣነው አንገታችንን ደፍተን ነበር። ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለማስተማር ልምምድ ተመድበን፣ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የትኛው እንደሚበልጥ ለማስረዳት 40 ደቂቃ ፈጀን። ክብ ሣልን፤ ከፋፈልን፤ በቀለም ጠመኔ ቀባን። በመጨረሻ ብንጠይቃቸው በአንድ ድምፅ «አንድ አራተኛ ይበልጣል፤ 4 ከ3 ይበልጣላ!» አሉን።

ሻይ ላይ ይህን ስናወራ የሰሙን አንድ አንጋፋ አስተማሪ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው፣ ከመሳቢያቸው ያረጀ ደብተር አውጥተው ሰጡን። የጉድኝት ትምህርት ቤቶቹ አስተማሪዎች በተገናኙ ቍጥር እያንዳንዱ የተሳካለትን ዘዴ የሚጽፍበት ነው፤ ገሚሱ በአፋን ኦሮሞ፣ ገሚሱ በአማርኛ። አንዷ ከዜሮ በታች ያሉትን ቍጥሮች የምትጀምረው ከሳኔቲ ብርድ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ አምባ የበጋ ሌሊት ውሃ በረዶ እንደሚሠራ ያልሰማ ልጅ በጎባ አይገኝምና። ሌላው፣ አንዱን ቍጥር በግማሽ እየከፈሉ ሌላውን በእጥፍ እያሳደጉ ማባዛትን ጽፏል። የውጭ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይሉታል፤ እኛ የሒሳብ ተማሪዎች ግን እዚያ ደብተር ላይ አወቅነው። እናፍራ ወይስ እንሳቅ?

ጋሼ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ጭሰኛ ብትሆን ለባለመሬቱ የምትሰጠው ሲሶ ቢሆን ትመርጣለህ ወይስ እርቦ?»

በማግስቱ ይህንኑ ጠየቅን። ምርቱ 12 ኩንታል ገብስ ነው አልን፤ ውርጭ የመታው ዓመት ነበር በሉት። ክፍሉ «እርቦ!» ብሎ ጮኸ። ለምን? «3 ኩንታል ብቻ ነዋ፤ ሲሶ 4 ይወስዳል!» ክብ መሣል አላስፈለገም።

ወዲያው ከኋላ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ፣ «ዘሩ ተነሥቶ ነው ሳይነሣ?» አለን። እንዲህ ያለ ጥያቄ አላሰናዳንም ነበር። 3 ኩንታል ዘር አስቀድሞ ለአራሹ ከተመለሰ 9 ይቀራል፤ ሲሶው 3 ነው። ሳይነሣ ከተካፈሉ ግን ሲሶው 4 ይሆናል፤ አራሹም የዘሩን 3 ከራሱ 8 ያወጣል። አስቀድሞ መቀነስና አስቀድሞ ማካፈል አንድ ኩንታል ያለያያሉ። ቅንፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስተማር ያቀድነው ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ልጁ ቀደመን።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው መሰለፋቸውን፣ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነት መሻሩን ሁላችንም አንብበናል። መፈክሩንም በቃላችን እናውቃለን። ሲሶ ከአንድ ቤተ ሰብ ጎተራ ስንት ኩንታል እንደሚያወጣ ግን አንድም ቀን አስልተን አናውቅም ነበር።

የልጁን ጥያቄ በደብተሩ ላይ ጻፍነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ «ታዲያ ዘሩ ከማን ይሁን አላችሁት?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ደወል ተደወለ አልናቸው።

«እንግዲያው ነገ ከዚያው ጀምሩ» አሉን።