የቆርቆሮው ሰፈር

«ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል ያህል ሰውን የሚያዘናጋ ቃል ያለ አይመስለኝም። ጊዜያዊ ሠራተኛ፣ ጊዜያዊ መታወቂያ፣ ጊዜያዊ መጠለያ እንላለን። ቃሉን የሰጠው ወገን በማግስቱ ይረሳዋል፤ የተሰጠው ሰው ግን ዕድሜውን ሊገፋበት ይችላል። ይህን ያሳሰበኝ በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሺር፣ ብሎክሊ ከምትባል መንደር አጠገብ ያየሁት ኖርዝዊክ ፓርክ የሚባል ቦታ ነው።

ኖርዝዊክ ፓርክ ዛሬ ለልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚከራይ የሥራ ቦታ ነው። እኔም የሄድኩት አንድ ወዳጄን ተከትዬ ለሌላ ጉዳይ ነበር። ዓይኔን የያዙት ግን ቤቶቹ ናቸው። በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ መሬት ላይ የተደፋ ይመስላሉ። ኒሰን የተባለ መሐንዲስ በ1916 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለጦር ሠራዊት የቀየሰው የቆርቆሮ ቤት ዓይነት ነው። ጥቂት ወታደሮች በጥቂት ሰዓት ያቆሙታል፣ ሲያስፈልግም ነቅለው ይጭኑታል። በቆርቆሮ ክዳን ሥር ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ዝናቡ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማበት መንገር አያስፈልግም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦታው የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ነበር። ጦርነቱ አበቃና ወታደሩ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ። የእንግሊዝ ከተሞች ደግሞ በቦምብ ፈርሰው ስለነበር ሕዝቡ ቤት አልነበረውም። በ1946 በጋ ቤተሰቦች ጨርቃቸውን በጋሪ ጭነው በየአገሩ ወደ ነበሩት ባዶ ካምፖች መግባት ጀመሩ፤ ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጥቅምት በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ከ1,000 በሚበልጡ ካምፖች 40,000 ያህል ሰው ሰፍሮ ነበር። መንግሥት መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ብዙዎቹ የአካባቢ ምክር ቤቶች ውኃና መብራት እያስገቡ ኪራይ መቀበል ጀመሩ።

ኖርዝዊክ ፓርክ የደረሰው ለፖላንዳውያን ነው። ታሪካቸው ረጅም ነው፤ ባጭሩ ግን እንዲህ ነው። በ1940 እና በ1941 ብዙዎቹ ከምሥራቅ ፖላንድ ወደ ሳይቤሪያና ወደ ካዛኽስታን ተጋዙ። በ1942 በኢራን በኩል ወጡ። ወንዶቹ ከእንግሊዝ ጋር ተሰልፈው በ1944 ሞንቴ ካሲኖ ላይ ተዋጉ። ከሴቶቹና ከልጆቹ ብዙዎቹ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ቴንጌሩና ማሲንዲን በመሳሰሉ ካምፖች ቆዩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ትውልድ ቦታቸው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተካልሎ አገኙት። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1947 የፖላንዳውያን ማቋቋሚያ ሕግ አወጣና ባሏቸው ባዶ የጦር ካምፖች አሰፈራቸው። ለጊዜው ተብሎ።

በግቢው ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ «እኔ ያደግሁት በዚያኛው ጫፍ ነው» አሉን። ብርዱ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «እሱን እናቴን ነበር መጠየቅ። ልጅ ብርድ ያውቃል እንዴ?» አሉኝ። መሐል ላይ አንዲት የከሰል ምድጃ ነበረች፤ ክረምት ሲሆን ከቆርቆሮው ውስጥ ለውስጥ ውኃ ይንጠባጠባል። በእናታቸው አልጋ ሥር አንድ ሻንጣ ይቀመጥ እንደነበር ነገሩን። ከአገር የወጡበት ሻንጣ ነው፤ ስንመለስ ይፈለጋል ተብሎ የተቀመጠ። «ሌላው ሰው ካምፕ ይለዋል፤ እኛ ሰፈራችን ነው የምንለው» አሉ።

ይህ አነጋገር ከልቤ ገባ። እናትየዋ ለጊዜው ነው ብለው ተቀመጡ፤ ለልጃቸው ግን ያው ቦታ አገር ሆነ። በእነዚህ ካምፖች ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሠርግ ተደገሰ፣ በቆርቆሮው ጥግ አበባና ጎመን ተተከለ። ለጊዜው የተባለው ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በዴቨን የሚገኘው ሌላው ካምፕማ ነዋሪዎቹ እዚያው አርጅተው፣ በ1992 በአሮጌዎቹ ቤቶች ፋንታ አዲስ የአረጋውያን መኖሪያ ተሠራላቸው።

እኛም ይህን እናውቀዋለን። በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ከኤርትራና ከአሰብ ተፈናቅለው አዲስ አበባ የገቡ ወገኖቻችን ለጥቂት ወር በተባለ የሸራና የላስቲክ መጠለያ ስንት ዓመት ከረሙ? እዚያ የተወለደ ልጅ «ሰፈርህ የት ነው?» ሲባል ምን ብሎ ይመልስ ነበር? በውጭ አገር ያለነውስ ብንሆን «ለጊዜው ነው የመጣሁት» የማይል ማን አለ? እኔም እላለሁ፤ ሻንጣዬም ቁም ሣጥን ላይ ነው።

ተስፋ መቁረጥ ይሻላል ማለቴ አይደለም። አገሩን የሚጠብቅ ሰው ሻንጣውን አይጣል። ግን ጎመኑንም ይትከል። መጠለያ የሚሠራም ባለሥልጣን ቢሆን በዚያ ጣሪያ ሥር ልጅ እንደሚያድግ አስቦ ይሥራ። ለልጅነት ጊዜያዊ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ ነው።